የኢየሩሳሌምና የገሊላ የጥንት ሥዕላዊ ኅትመቶች ለቤት ግድግዳ፦ ዋናው ወይስ ቅጂው?

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ለሳሎንዎ ግድግዳ የመጽሐፍ ቅዱስ ቦታዎችን የሚያሳይ የጥንት ሥዕል እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። ከደብረ ዘይት ላይ ሆኖ ኢየሩሳሌምን የሚያሳይ፣ የዴቪድ ሮበርትስ ስም ያለበትና በደማቅ ቀለም የተሠራ ኅትመት «የ1839 ዋና ኅትመት» ተብሎ እንደ ቀረበልዎ፣ ዳርቻውን ሳይጨምር ሥዕሉ ብቻውን 50 በ70 ሴንቲሜትር እንደሚሆን፣ ወረቀቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ቡናማ መሆኑን ጽፈዋል። ይህ በእርግጥ ዋናው ኅትመት መሆኑን፣ ካልሆነ ዋናውን ፈልጎ መግዛት ወይም ጥሩ ቅጂ ማሳተም የትኛው እንደሚሻል፣ እንዲሁም ሥዕሉ ጌታችን የተመላለሰበትን አገር ምን ያህል በእውነት እንደሚያሳይ ጠይቀዋል። ግድግዳው ከትልቅ መስኮት ፊት ለፊት መሆኑንም ጨምረዋል፤ ይህን ማንሣትዎ እጅግ ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም ከመልሴ ግማሹን የሚወስነው ያ መስኮት ነው።

አስቀድሜ ፍርዴን ልናገርና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። እርስዎ በሰጡት መግለጫ መሠረት የቀረበልዎ ኅትመት በኋላ ዘመን የተሠራ ቅጂ ነው። ዋናው በእጅዎ ቢኖር እንኳ ከመስኮት ፊት ለፊት ባለ ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅሉት እመክርዎታለሁ፤ ለዚያ ቦታ የሚስማማው ከጥሩ የዲጂታል ምስል፣ በዋናው ልክ፣ በጥጥ ወረቀት ላይ የታተመና ቅጂነቱ ያልተደበቀ ኅትመት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ«1839» ልጀምር። ዴቪድ ሮበርትስ በ1796 የተወለደ የስኮትላንድ ሰዓሊ ሲሆን፣ በወጣትነቱ ለቲያትር ቤቶች የመድረክ ትዕይንት ሲስል የቆየ ሰው ነው። በ1838 ወደ ግብፅ ተሻግሮ ዓባይን ተከትሎ እስከ ኑቢያ ወጣ፤ በ1839 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከካይሮ በግመል ተነሥቶ በሲና፣ በአቃባና በፔትራ በኩል አድርጎ፣ ኬብሮንን፣ ጋዛንና ያፋን አልፎ ኢየሩሳሌም ደረሰ። አገሩ በዚያን ጊዜ በግብፁ ገዢ በመሐመድ ዓሊ እጅ ነበረ። ሮበርትስ ዮርዳኖስን፣ የቅዱስ ሳባን ገዳም፣ ናዝሬትንና ጥብርያዶስን ተመልክቶ በሜይ ወር ከቤይሩት ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚህ ጉዞ የሠራው ሁሉ በእርሳስና በውሃ ቀለም የተሣለ ነው፤ አንድም ሉሕ አልታተመም። ኅትመቱ የተሠራው ለንደን ውስጥ ነው፤ ቤልጅየም የተወለደው ሉዊ ሃግ ሥዕሎቹን ወደ ድንጋይ ገልብጦ፣ አሳታሚው ፍራንሲስ ግራሃም ሙን ከ1842 እስከ 1849 ድረስ ለተመዝጋቢዎች በክፍል በክፍል አወጣቸው። ስለዚህ በ1839 የታተመ የሮበርትስ የኢየሩሳሌም ኅትመት የለም። በሥዕሉ ውስጥ በሰዓሊው እጅ አምሳል የተጻፈው ቀን ሥዕሉ የተሣለበት ሲሆን፣ ከሥዕሉ ግርጌ በጥቃቅን ፊደል የሚነበበው የአሳታሚው መስመር ደግሞ የኅትመቱን ጊዜ ይናገራል። ሻጭዎ ሁለቱን ያደባለቀው ባለማወቅ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል። ሆኖም ዕቃውን በትክክል የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም።

ከዚህ የበለጠ የሚያጋልጠው መጠኑ ነው። የመጀመሪያው ትልቁ ዕትም ሙሉ ሉሕ በግምት 43 በ60 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ሙሉ ገጽ የያዙት ሥዕሎች ራሳቸው 33 በ49 ሴንቲሜትር አካባቢ ናቸው። በ1855 እና 1856 «ዴይ ኤንድ ሰን» የተባለው ማተሚያ ቤት ያወጣው ሁለተኛ ዕትም ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሊቶግራፍ፣ ማለትም በድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም ሥዕል፣ ከድንጋዩ ላይ በቀጥታ የሚወሰድ በመሆኑ ሥዕሉ ከድንጋዩ ልክ ሊበልጥ አይችልም። 50 በ70 የሆነ ሥዕል በፎቶግራፍ ወይም በኮምፒውተር ሰፍቶ እንደገና የታተመ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ይህ መለኪያ ለሮበርትስ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የጥንት ኅትመት ያገለግላል፤ አንድ ሥዕል ከመግዛትዎ በፊት የዋናውን ልክ ከአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ወይም ሙዚየም መዝገብ ላይ ፈልገው ከቀረበልዎ ጋር ማስተያየት ከሁሉ የቀለለ ምርመራ ነው።

እኩል የሆነው ቡናማነትም አጠራጣሪ ነው። ለእንዲህ ያለ ውድ ዕትም በዚያ ዘመን ይመረጥ የነበረው ከጨርቅ ክር የተሠራ ጠንካራ ወረቀት፣ በአግባቡ ከተያዘ እስካሁን ለስላሳና ፈካ ያለ ሆኖ ይገኛል። ዕድሜና እርጥበት የሚያመጡት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ወጥ አይደለም፤ እዚህም እዚያም የተበተነ ቡናማ ነጠብጣብ፣ ወይም አሲድ ያለው ካርቶን በነካው ጠርዝ ዙሪያ የቀረ መስመር ሆኖ ይታያል። ነጠብጣቡ በወረቀቱ ክር ውስጥ ያደረ ስለሆነ ሉሑን ገልብጠው ቢያዩት ብዙ ጊዜ በጀርባውም ይገኛል። በአዲስ ቅጂ ላይ ግን ቡናማው ራሱ የታተመ ቀለም ነው፤ ጀርባው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ነጠብጣቦቹም በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ወደ ጥቃቅን የቀለም ነቁጦች ይበታተናሉ። ስለዚህ ሻጩን የጀርባውን ፎቶግራፍ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተቀምጦ የተነሣ ፎቶግራፍና በአጉሊ መነጽር የተወሰደ የቅርብ ምስል ይጠይቁት። ዋና ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው እነዚህን ለመስጠት የሚያመነታበት ምክንያት የለም።

አጉሊ መነጽሩ በእጅዎ ሲገባ የት ማየት እንዳለብዎ ልንገርዎ። ሰማዩን ይተዉትና ከከተማው ግንብ ሥር ያለውን ጥላ ይመልከቱ። በዋናው ሊቶግራፍ ላይ ያ ጥላ የተሠራው ቅባትነት ባለው እርሳስ በሻካራ ድንጋይ ላይ በመሣል ነው፤ በመሆኑም ጥቁሩ ተራ የሌለው፣ ቅርጹ የማይደጋገም ቅንጣት ሆኖ ይታያል፣ በጨለማው ቦታ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ወደ ብርሃኑ ሲጠጋ እየተበታተነ ይጠፋል። ከጥቁሩ በታች በሁለተኛ ድንጋይ የታተመ ስስ የገለባ ቀለም አለ። አሁን ዓይንዎን ወደ አንድ ጥምጣም ወይም ፀሐይ ወዳረፈበት የግንብ ጠርዝ ይውሰዱት፤ እዚያ ላይ የገለባው ቀለም ከድንጋዩ ተፍቆ ስለተነሣ ባዶው ነጭ ወረቀት ብቅ ይላል፤ የሥዕሉ ብርሃን ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። በእጅ የተቀባ ከሆነ የውሃ ቀለሙ ምንም ነቁጥ የሌለው ወጥ ሽፋን ሆኖ በጥቁሩ ላይ ተኝቷል፤ በልብስ ጫፍ ላይ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ሲደርቅ የተጠራቀመበት ጠርዝም ጠቆር ብሎ ይታያል። ኦፍሴት በሚባለው ዘመናዊ የማተሚያ መኪና የታተመ ቅጂ ከሆነ ግን ጥላው ራሱ ከሰማያዊ፣ ከሐምራዊ ቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር ነቁጦች የተሠራ ሲሆን፣ ነቁጦቹ በሥርዓት ተሰልፈው ትናንሽ ክብ ስብስቦች ይሠራሉ። በኢንክጄት፣ ማለትም ቀለም በሚረጭ የኮምፒውተር ማተሚያ፣ የታተመው ደግሞ ረድፍ የሌለው ባለ ብዙ ቀለም ብናኝ ይመስላል፤ ይህኛው የሊቶግራፉን ቅንጣት ስለሚመስል አዲስ ተመልካችን ያሳስታል፤ ነገር ግን ጥቁር በሆነው ጥላ ውስጥ ሰማያዊና ቀይ ብናኝ ካዩ ነገሩ አብቅቷል።

ሮበርትስ ከሁሉ የታወቀው ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ለግድግዳ ሲመርጡ ሥዕሉ በምን ዘዴ እንደታተመ ማወቅ የሰዓሊውን ስም ከማወቅ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሥዕሉ ከምን ያህል ርቀት እንደሚታይና ቢሰፋ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ዘዴው ነው። ለምሳሌ ዊሊያም ሄንሪ ባርትሌት በ1830ዎቹ ሶርያንና ቅድስት አገርን ዞሮ የሣላቸው ሥዕሎች በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው የታተሙ ናቸው። ብረት ከመዳብ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ቀራጮቹ እጅግ ቀጫጭን መስመሮችን ጎን ለጎን አድርገው በሺህ የሚቆጠር ኅትመት ማውጣት ችለዋል። ሥዕሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ 12 በ18 ሴንቲሜትር ቢሆኑ ነው። በእጅ ርቀት ሲታዩ መስመሮቹ ተዋሕደው ጭጋግ፣ ደመናና የውሃ ነጸብራቅ ይሆናሉ። ይህንኑ ሥዕል አራት እጥፍ አድርገው ካተሙት ግን ውሕደቱ ይፈርሳል፤ ሰማዩ መረብ ይሆናል። ስለዚህ የብረት ሰሌዳ ኅትመት ሰው ቀርቦ በሚያይበት ቦታ፣ በመተላለፊያ ወይም ከመጽሐፍ መደርደሪያ አጠገብ፣ በልኩ ይሰቀል። ሊቶግራፍ ቅንጣቱ ለስላሳ ስለሆነ በመጠኑ ቢሰፋም ይችለዋል፤ ከሶፋ በላይ ለሚሆን ሰፊ ግድግዳም ከሌሎቹ ይሻላል። በዕንጨት ላይ የተቀረጸውም እንደዚሁ ነው፣ መስመሩ ደፋር ስለሆነ ሲሰፋ ባሕርይው አይጠፋም። በቻርልስ ዊልሰን አዘጋጅነት ከ1880 ጀምሮ በክፍል ለወጣው ስለ ፍልስጥኤም፣ ሲናና ግብፅ ለሚናገረው ትልቅ መጽሐፍ ሃሪ ፌንና ጆን ዳግላስ ውድዋርድ የሠሯቸው ሥዕሎች አብዛኞቹ በዚህ ዘዴ ተቀርጸዋል፤ በመንገድ ዳር ያለውን እሾህ፣ የውሃ ጉድጓዱን አፍና የወይራውን ግንድ በቅርብ ስለሚያሳዩ ከሰፊ መልክዓ ምድር ይልቅ ትንሽ ነገርን ለሚወድ ሰው የሚሆኑ ናቸው።

ለስለስ ያለ ቀለም ለሚፈልግ ደግሞ ሉዊጂ ማየር አለ። በቁስጥንጥንያ የእንግሊዝ አምባሳደር ለነበረው ለሰር ሮበርት ኤንዝሊ የሣላቸው ሥዕሎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን ውስጥ በአኳቲንት ታትመው በእጅ ተቀብተዋል። አኳቲንት በመዳብ ላይ በአሲድ የሚሠራ ሲሆን የውሃ ቀለምን ጥላ ያስመስላል፤ ጭው ያለ ሰማይና ጸጥ ያለ ግንብ ይወጣዋል። በ1890ዎቹ የወጡት ፎቶክሮም የሚባሉት ባለ ቀለም ምስሎች ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያሉ፤ መነሻቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሲሆን ቀለሙ በተለያዩ የሊቶግራፍ ድንጋዮች ላይ በሠራተኛ ግምት የተጨመረ ነው። ደማቅነታቸውን የሚወድ ሰው አለ፤ እኔ ከሮበርትስ ጎን ባይሰቀሉ እመርጣለሁ፣ አንዱ ሌላውን ያደበዝዛልና።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የባርትሌት ሥዕሎችና መሰሎቻቸው ሲወጡ አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ነበሩ። ዛሬ በቀለም የሚገኙት ብዙዎቹ ኅትመቱ የጥንት ቢሆንም ቀለሙ በቅርብ ጊዜ በነጋዴ ወይም በቀቢ እጅ የተጨመረባቸው ናቸው። ይህ ማጭበርበር የሚሆነው ሲደበቅ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙን እንደ ጥንት ቀለም አድርገው እንዳይከፍሉበት ይወቁት። እንዲሁም በገበያ ላይ በነጠላ የሚገኙት ሉሖች በአብዛኛው ከመጽሐፍ የተነቀሉ ናቸው። ቀድሞ የተበተነ መጽሐፍን ሉሕ መግዛት ምንም አይደለም። ሙሉ ሆኖ እስከ ዛሬ የደረሰን ጥራዝ ለግድግዳ ብሎ መቅደድ ግን ልመክረው የማልችለው ነገር ነው፤ በዲጂታል ምስል ዘመን ደግሞ ምንም አስፈላጊነት የለውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልለፍ፤ በእውነቱ ከሁሉ ይልቅ የወደድሁት እሱን ነው። ሮበርትስ የሣለው በ1839 ያያትን ኢየሩሳሌም ነው። በሥዕሉ ላይ ከተማዋን የሚከብበው ግንብ በኦቶማኑ ሱልጣን በሱሌይማን ዘመን ከ1537 እስከ 1541 የተሠራ ነው፤ በመካከል ጎልቶ የሚታየው ጉልላት ያለው የእስልምና መቅደስ (ዶም ኦፍ ዘ ሮክ) ደግሞ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተፈጸመ ሕንፃ ነው። ስለዚህ በወንጌል የምናነበው ቤተ መቅደስ በዚያ ሥዕል ውስጥ የለም፣ ቅጥሮቹም የዚያ ዘመን አይደሉም። ያልተለወጠው የምድሩ አቀማመጥ ነው፤ የቂድሮን ሸለቆ ጥልቀት፣ ከተማዋ ከሸለቆው ማዶ ከፍ ብላ መቀመጧ፣ ከደብረ ዘይት የሚወርደው ቁልቁለትና የዳገቱ እርከን ናቸው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ዋጋ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ዘመናዊው ግንባታ ኮረብታዎቹን ከመሸፈኑ በፊት የምድሩን መልክ ይዘውልናል። በደብረ ዘይት ግርጌ ዛሬ የወርቅ ቀለም ባላቸው ጉልላቶቿ የምትታወቀው የመግደላዊት ማርያም የሩስያ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የተመረቀችው በ1888 ነው፤ እሷ የሌለችበት እይታ ከዚያ በፊት የተሣለ ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ይታወስ፤ የሥዕሉ እጅ እንደ ሰዓሊው ይለያያል። ሮበርትስ የመድረክ ሰዓሊ እንደነበር አስቀድሜ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሰዎቹንና ግመሎቹን ከፊት ለፊት በቡድን በቡድን ያሰልፋል፣ ሰዎቹን አሳንሶ ሕንፃውን ያገዝፋል፣ ብርሃኑን ከአንድ ጎን ያስገባል። ይህ ሁሉ ውበት ይሰጣል፣ ቦታውንም አይክድም፤ ሆኖም ልኬት አድርጎ መውሰድ አይገባም። በጥብርያዶስ ሥዕሉ ግን ሌላ ዓይነት እውነት አለ፤ እሱ እዚያ የደረሰው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1837ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ ስለነበር፣ ከገሊላ ባሕር ዳር ያያት ከተማ ግንቧ ያልተጠገነ ነበረች። ከዚህ በተቃራኒ፣ ዊሊያምና ኤድዋርድ ፊንደን ቀርጸው በ1830ዎቹ አጋማሽ ባወጧቸው የመጽሐፍ ቅዱስ መልክዓ ምድሮች ውስጥ የታላቁ ሰዓሊ የተርነር ሥራዎች አሉ፤ ተርነር ግን ወደ ቅድስት አገር ሄዶ አያውቅም፤ የሣለው እንደ አርክቴክቱ ቻርልስ ባሪ ያሉ ተጓዦች በቦታው ከሠሯቸው ንድፎች ተነሥቶ ነው። ሰማዮቹ ድንቅ ናቸው፣ አየሩ ግን የእሱ የራሱ ነው። ግድግዳዎ ላይ ስሜትን ከፈለጉ ተርነርን፣ ቦታውን ከፈለጉ ሮበርትስን ወይም ባርትሌትን ይምረጡ።

ረጅምና ዝቅ ያለ ግድግዳ ካለዎ ደግሞ እጅግ የቆየውን እንዲያስቡበት እወዳለሁ። በ1483 ከበርንሃርድ ፎን ብሬይደንባህ ጋር ወደ ቅድስት አገር የተጓዘው ኤርሃርድ ሮይቪች በዕንጨት ተቀርጾ በ1486 ማይንዝ ላይ በታተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ኢየሩሳሌምን መካከል ያደረገ፣ ሲዘረጋ ከ1 ሜትር በላይ የሚሆን ተጣጣፊ እይታ ሠርቷል። ከተማዋ የምትታየው ከምሥራቅ፣ ከደብረ ዘይት በኩል ነው፤ የቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ግን በዚያ አቅጣጫ በርዋ ሊታይ ስለማይችል፣ ሰዓሊው ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙሮ አስቀምጧታል። ተሳላሚ የሚያውቃትን መግቢያ እንዲያገኝ ብሎ ያደረገው ነው። በጥቁር መስመር ብቻ የተሠራ ስለሆነ በቅጂ መልክ ሲታተም ከሁሉም ያነሰ ነገር ያጎድላል።

ዋናውን ወይስ ቅጂውን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከብርሃኑ ይመጣል። ሙዚየሞች በወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥራዎች የሚፈቅዱት ብርሃን በተለምዶ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ ፀሐይ በመስኮት ገብቶ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ግን በአሥር ሺዎች ሊቆጠር ይችላል። ብርሃን የሚያደርሰው ጉዳት ይደመራል እንጂ አይሽርም፤ የደበዘዘ ቀለም በጨለማ ቢያርፍ አይመለስም። የጥቁሩ የማተሚያ ቀለም መሠረት ካርቦን ስለሆነ ይጸናል፤ በእጅ የተቀባው የውሃ ቀለም ግን አይጸናም፣ በተለይ በዚያ ዘመን ለልብስና ለምሽት ሰማይ ይውል የነበረው ካርሚን የተባለው ቀይና ጋምቦጅ የተባለው ቢጫ ቶሎ ይለቃሉ። ጨረር የሚከላከል መስታወት ይረዳል፤ ነገር ግን የሚያስቀረው የማይታየውን ጨረር ነው፣ የሚታየውም ብርሃን ራሱ ቀለም ያደበዝዛል። ስለዚህ በእጅ የተቀባ ዋና ኅትመት ካገኙና ከወደዱት ይግዙት፤ ቦታው ግን መስኮት የማያየው ግድግዳ ይሁን፤ በየጊዜውም እያወረዱ በማኅደር ውስጥ ያሳርፉት። ለመስኮቱ ግድግዳ ቅጂውን ይተዉለት።

ቅጂውን ለማሠራት ምስሉን ከታመነ ቦታ ያውርዱ። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሮበርትስን ሊቶግራፎች በከፍተኛ ጥራት አስቀምጧል፤ የቅድስት አገር ፎቶክሮሞችም እዚያው ይገኛሉ። ሮበርትስ በ1864፣ ባርትሌት በ1854 ስለሞቱ የሥዕሎቹ የባለቤትነት መብት ጊዜው አልፏል፤ አንዳንድ ተቋማት ግን በምስሉ ፋይል አጠቃቀም ላይ የራሳቸው ቅድመ ሁኔታ ስላላቸው ከምስሉ ጋር የተጻፈውን ያንብቡ። ፋይሉ ይበቃል አይበቃም የሚለውን በፒክስል ያስሉት፤ 33 በ49 ሴንቲሜትር ለሆነ ሥዕል በኢንች 300 ፒክስል ከተፈለገ በግምት 3900 በ5800 ፒክስል ያስፈልጋል። ከዚህ ሁለት ሦስተኛ የሚሆን ፋይልም ከእጅ ርቀት ሳይሆን ከወንበር ርቀት ለሚታይ ሥዕል ይሠራል፤ ከዚያ በታች ግን የሊቶግራፉ ቅንጣት ወደ ድፍን ጭቃነት ይለወጣል፤ የገንዘብዎም ዋጋ አብሮ ይጠፋል።

አታሚው ዘንድ ሲደርሱ በብርቱ ልትከላከሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብዙ አታሚዎች የጥንት ምስል ሲያዩ «ቢጫነቱን እናጽዳው» ብለው ቀለም የሚያስተካክለውን የኮምፒውተር ትእዛዝ ይጫናሉ። በሮበርትስ ሥዕል ላይ ያ ትእዛዝ የሚያጠፋው የዕድሜን ቢጫነት ብቻ ሳይሆን በሁለተኛው ድንጋይ የታተመውን የገለባ ቀለም ጭምር ነው። ያ ቀለም ሲሄድ ተፍቀው የወጡት ነጭ ብርሃኖች የሚለዩበት መደብ ይጠፋል፣ ጥምጣሙና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ፣ ሥዕሉም ይቀዘቅዛል። ትክክለኛው አሠራር ከሥዕሉ ውጪ ያለውን ባዶ ዳርቻ አይቶ ዳርቻው ወደ ወረቀቱ ተፈጥሯዊ ነጭ እስኪቀርብ ድረስ ብቻ ማስተካከልና የሥዕሉን ውስጥ አለመንካት ነው። የቀለሙን ድምቀትም አያስጨምሩ፤ የቀረበልዎ ኅትመት ደማቅ መሆኑ ራሱ ከዋናው የራቀበት አንዱ ምልክት ነው፣ የእጅ ቅቡ በባሕርይው ስስና የተረጋጋ ነውና።

ወረቀቱ መቶ በመቶ ጥጥ፣ አሲድ የሌለው፣ የማያብረቀርቅና ሰው ሠራሽ የማንጫ ኬሚካል ያልገባበት ይሁን፤ ቀለሙም ፒግመንት የሚባለው ዓይነት ይሁን እንጂ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት አይሁን። በሸራ ላይ ማሳተምን አልደግፍም፤ የሸራው ሽመና ከሊቶግራፉ ቅንጣት ጋር ይጋጫል፣ በወረቀት የተወለደ ሥራም የዘይት ቅብ መስሎ መታየት አይገባውም። ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ርእስና የአሳታሚ መስመር አያስቆርጡት፤ የሥራው መታወቂያ ነው። ቅጂው በኋላ እንደ ዋና ተቆጥሮ ማንንም እንዳያሳስት በጀርባው ላይ «ቅጂ» ብለው የታተመበትን ዓመት ለስላሳ በሆነ እርሳስ ይጻፉበት።

ፍሬሙን በተመለከተ ለዋናውም ለቅጂውም የሚሠራው ሕግ አንድ ነው፦ ወረቀት መስታወት አይንካ፣ ማጣበቂያ ፕላስተርም ወረቀት አይንካ። በዙሪያው መስኮት ተቆርጦለት የሚገባው ካርቶን ከጥጥ የተሠራ ይሁን፤ ሥዕሉንም ከመስታወቱ ያርቅልዎታል። ለ33 በ49 ሥዕል በግራና በቀኝ 10 ተኩል ሴንቲሜትር፣ ከላይ 8፣ ከግርጌ ትንሽ ሰፋ አድርገው 9 ሴንቲሜትር ዳርቻ ቢተዉለት 50 በ70 የሆነ ፍሬም በትክክል ይስማማዋል፤ ትልቅ ፍሬም እንዲኖርዎ ሥዕሉን ማስፋት አያስፈልግዎትም። ሉሑ የሚያያዘው ከላይ ጠርዙ ላይ በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ስስ የጃፓን ወረቀት በስንዴ ስታርች ማጣበቂያ ተቀብቶ እንደ ማጠፊያ ሆኖ ይይዘዋል። እንዲህ ሲሆን ወረቀቱ አየሩ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ግን አይጨማደድም፤ አራት ጎኑ ቢጣበቅ ግን ይጨማደዳል፣ የከፋም ከሆነ ይቀደዳል። ማጣበቂያው በውሃ ስለሚለቅ ወደፊት ሙያተኛ ያለ ጉዳት ሊያነሣው ይችላል።

ሲሰቅሉ የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሴንቲሜትር ቢሆን ለቆመ ሰው ዓይን ይመቻል፤ ከሶፋ በላይ ከሆነ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ እንዳይቀር ከፍሬሙ ጀርባ በታችኛው ሁለት ማእዘን ላይ ትናንሽ የቡሽ ወይም የጎማ ቁራጮች ይለጥፉ፤ ከኋላው አየር ሲያልፍ እርጥበት አይጠራቀምም፣ ሻጋታም አይይዘውም። መስታወቱን ሲያጸዱ ፈሳሹን በጨርቁ ላይ እንጂ በመስታወቱ ላይ አይርጩ፤ በመስታወት ላይ የተረጨ ፈሳሽ ወደ ታች ወርዶ በፍሬሙ ጠርዝ ይገባና ካርቶኑን ከሥር ያርሰዋል።